የረገፈው ጥርስ ፍቺ

ባለፈው በሕልሜ ጥርሴ ሁሉ ረገፈ። እኛ ዘንድ የዘመድ ሞት ነው ይባላል። መርዶ ፈርቼ ለእናቴ ሳምንት ሙሉ ሳልደውል ቀረሁ። ጁምዓ ዕለት፣ በምኖርበት በባሕር ማዶ፣ ዱሉዝ ከተማ መስጊድ የሕልሙን ፍቺ ሼህ ኑሩን ጠየቅኳቸው።

"መጀመሪያ ሥራህን ንገረኝ" አሉኝ። "አንድ የጥንት ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ሕልም የሚፈቱት የሕልመኛውን ሥራ ጠይቀው ነበር። ያው ሕልም ለአንዱ ሐዘን፣ ለሌላው ደስታ ነው።"

"እዚሁ አጠገብ፣ ደንዉዲ ከተማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ።"

ሳቁ። "ታዲያ ጥርስ አንተ ካላየህ ማን ሊያይ ነው? ሂድ፣ ለእናትህ ደውል።"

ፓርኪንጉ ላይ ሆኜ ደወልኩ። "አልሐምዱሊላህ" አለች እናቴ። "ስትጠፋብኝ እኮ ጥርሴ ሲረግፍ በሕልሜ አየሁ።"

የእሷን ሥራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሥራዋ ስለ እኔ መጨነቅ ነው።