ያልተቀመሰው ሻይ

ደባርቅ መናኸሪያ ነኝ፤ ሻንጣዬ ሚኒባሱ ላይ ተጭኗል። ጎንደር ሥራ አግኝቼ ዲቁናውን ልተወው ነው። ያዘዝኩትን ሻይ ወደ አፌ ሳስጠጋ ሽማግሌው የደብራችን ቄስ ከፊቴ ቆሙ። «ቀምሰሃል?» አሉኝ። እስቲ ፍረዱኝ! አምስት አገልጋይ ካልተሟላ ቅዳሴ የለም፤ እህል ውኃ የቀመሰ ደግሞ ገብቶ አይቀድስም። አንዲት ጉንጭ ብጎነጭ ነፃ ነበርኩ። ብርጭቆው እጄን እያቃጠለኝ «አልቀመስኩም» አልኩ። «እንግዲያው ና። ዛሬ የአባ ዮሐንስ ሐፂር በዓል ነው፤ አራት ሆነን ቀርተናል።» ሻንጣዬን አስወርጄ፣ እየተነጫነጭኩ ተከተልኳቸው። እግሬ መቅደስ ቆሞ ልቤ የጎንደር መንገድ ላይ ነበር። ያስቀደሱት ደግሞ ሁለት አሮጊቶች ብቻ!

ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝና እዚያ ገነፈልኩ። «መምሬ፣ ለማን ብለን ነው የምንደክመው?»

«ዛሬ ያከበርነውን ዮሐንስንስ መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው ‹አጠጣ› ሲሉት፣ ውኃውን ከሩቅ እየቀዳ ለማን ይደክም ነበር?»

«እሱማ ኋላ እንጨቱ አፈራለት!»

«አፈራ። ሲያጠጣ ግን እንደሚያፈራ አያውቅም።»

አልበረደልኝም። «እርስዎ ጥለው መሄድ አምሮዎት አያውቅም?»

ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። አቧራ የጠጣ ስልቻ አፉ እንደታሰረ ተንጠልጥሏል። «እንዳንተ ዲያቆን ሳለሁ ለመንገድ ያሰርኩት ነው» አሉ። «ጠዋት ጠዋት አየዋለሁና ‹ዛሬን ቀድሼ ነገ እሄዳለሁ› እላለሁ።»

እኔም ይኸው፣ ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁም።