ጋሽ ወልዴ የተገጨ ዕለት

በኛ ዘመን እንግዲህ፣ መኪና ሰው ሲገጭ ኢንሹራንስ የሚል ቃል ያነሳ አልነበረም። ሹፌሩ ሮጦ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል፣ ባለመኪናው ሽማግሌ ይልካል፣ በቃ። እና ልጆቼ፣ እኔም ከሱቁ ቆጥቤ ሚኒባስ ስገዛ ነገሩ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በየዓመቱ አሳድሳለሁ፣ ግን ትራፊክ እንዳይቀጣኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ጥቅሙን መች አውቄው!

ታዲያ ሹፌሬ ጀማል ነው፣ ጭምት ልጅ ነው፣ ከቡታጅራ እንሴኖ ይሠራል። አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ይጥላል፣ ጋሽ ወልዴ የሚባል ገበሬ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ብቅ ሲል ጀማል ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋ ተንሸራተተች፣ መታችው። ጭኑ ተሰበረ። ጀማል አልሸሸም፤ በዚያችው መኪና ይዞት ቡታጅራ ሆስፒታል ገባና ደወለልኝ።

ስደርስ ጀማል ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ። የጋሽ ወልዴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰም እዚያው አለ፣ እና ሁለቱ ተስማምተው ጠበቁኝ። ፖሊስ አይስማ፣ በሽማግሌ ይለቅ ነው የሚሉት። ጀማል መታሰሩን ፈርቷል፤ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ያገር ልጆች ነን ብሎ ነው። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ሐኪሙን ጠየቅሁት። አጥንቱ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ መሄድ አለበት አለኝ። ታዲያ አሰብኩ፤ ዛሬ ታርቀን ብንለያይ፣ ነገ እግሩ አልድን ቢል ማን ያሳክመዋል? የኔ ሱቅ? የጀማል ደሞዝ? ኢንሹራንሱ ጋ ደውዬ ብጠይቅ ደግሞ ያለ ፖሊስ ማስረጃ አንከፍልም አሉኝ።

"ፖሊስ ይሰማል" አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ተቆጣ። "ዘይነባ፣ ለኢንሹራንስ አስረክበሽን ልትሄጂ ነው?" አለኝ። ጀማል ግን አልተቆጣም፤ "እትዬ፣ ሊያሳስሩኝ ነው?" አለ ዝቅ ብሎ። እንደ ልጄ ነው የማየው። አብሬው ጣቢያ ሄድኩ፣ በዋስ እስኪወጣ ከደጁ አልተነሳሁም።

ፖሊስ መንገዱን ለካ፣ ማስረጃውን ሰጠ፣ ኢንሹራንሱም ስንት ጊዜ ካመላለሰኝ በኋላ ሕክምናውን ከፈለ። ጋሽ ወልዴ አዲስ አበባ እግሩ ተሠርቶለት በምርኩዝ አገሩ ገባ። መኪናዋስ? የተሰበረ መብራቷንና የታጠፈ ኮፈኗን ከኪሴ አሠራሁ። ሦስተኛ ወገን የገጫችሁትን ነው የሚያየው፣ የራሳችሁን መኪና አያይም፤ ለሷ ሙሉ ዋስትና ነው የሚገባው፣ ይህን ስሙኝ።

እና ከዚያ ሽማግሌ ይዤ፣ ጀማልን አስከትዬ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄድን። ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ኢንሹራንሱ ከፍሏል፤ እንግዲህ ምን ቀራችሁ?" አለን። ጀማል ከኔ ቀድሞ መለሰ።

"የገጨሁት እኔ ነኝ እንጂ ኢንሹራንሱ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ገብቶ የጋሽ ወልዴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ጋሽ ወልዴ ሆዬ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ቀስ! ያኛውን ሳም፣ ይሄ ገና አልጠናም።" ጋሽ ታደሰ ሳያስበው ሳቀ፣ ግቡ አለን። ሥጋቸውን እንደማንበላ ያውቃሉና ቆጮውን በአይብና በጎመን አቀረቡልን።

እና አንተ ሙባረክ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ባጃጅ ልትገዛ ነው አሉ። ኢንሹራንሱን ግባ። ሰው ከተጎዳ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከፍሏል ብለህ ቤትህ አትቅር።

"ባጃጅም ይገባለታል እንዴ አክስቴ?"

ምነው፣ ባጃጅ ሲገጭ አያምም?