አምስት ብልቃጥ፣ አንድ ሆድ

ክቡራትና ክቡራን የቡና ማበጠሪያችን ሠራተኞች፤ ሙክቱን ላረዳችሁ፣ ዳሱን ለጣላችሁ፣ ይህን ጋቢ ለመረጣችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ስንቱን ስወጋ ኖሬ ዛሬ ከክሊኒካችሁ በጡረታ ተሰናበትኩ። የመድረኩ መሪ «ሲስተር በዛወርቅ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪ» ብሎኛል። ጥሩ ጥሩው ሙክቱ ነበር፣ እሱም አለቀ።

አሁን ወደ ጉዳችን።

ከሦስት ወር በፊት ከጅማ የመጣው ሐኪም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋችሁ የቢሮ አለቆች ሰገራ እንድትሰጡ ጠየቀ። በዓይን የማይታይ ደም ካለ የሚለይ ምርመራ ነው። ለአምስት ወንዶች አምስት ብልቃጥ አደልኩ። ከማንኪራ ጫካ ቦንጋ ድረስ የቡና ጆንያ ተሸከሙ አልተባላችሁም እኮ!

አፈራችሁ። እናንተ! ግምገማ ላይ የባልደረባችሁን ገመና ስትዘከዝኩ የምትውሉ፣ ማን ከማን ጋር ሺሺንዳ ከተማ እንዳደረ በቃለ ጉባኤ የምታስይዙ ሰዎች፣ ለቁንጣሪ ሰገራ አፈራችሁ።

በማግስቱ አምስቱም ብልቃጥ ሞልቶ መጣ። አምስቱም ላይ ደም ተገኘ። ሐኪሙ ክው ብሎ ሲያየኝ፣ አቶ ቢሻው፣ የአስተዳደር ኃላፊያችን፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣

«ሲስተር፣ አትጨነቂ፤ አንድ ለአምስት ነው የሠራነው» አለኝ።

ለካ ብልቃጦቹን ሽንት ቤት ደርድራችሁ ወጥታችኋል። ከመካከላችሁ አንዱ ተመልሶ ገብቶ ሁሉንም ሞልቶላችኋል። ማን እንደሆነ ግን ለእናንተም አልተናገረም። አንድ ለአምስት ተደራጁ የተባለው ለዚህ ኖሯል?

ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳችሁስ? ደም ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል፣ ግን አንጀት በመሣሪያ ሳይታይ አይታወቅም አለ። ዕድሜው የገፋ፣ ሲጋራና መጠጥ የሚያበዛ፣ የወፈረ፣ ሥጋ የማይጠግብ፣ ይልቁንም አባቱ ወይም ወንድሙ በአንጀት ካንሰር የተያዘ ሰው ቶሎ ይታይ አለ። እናንተ ምክሩን ለክስ አዋላችሁት። የመጋዘን አለቃችን ገሠሠ በቢሻው ቦርጭ ፈረደ፣ ቢሻው በገሠሠ ሲጋራ። የሒሳብ ሹማችን ፈለቀ ከሁሉም በላይ ሲስቅ ነበር። የወንድም ነገር ሲነሳ ግን ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ።

በአማርኛም በካፍኛም ለመንኳችሁ። «አሜባ ነው» አላችሁኝ። በዚህ ከተማ አሜባ ያልተባለ የሆድ ሕመም አለ? አንዳችሁ እየደማ ነው፣ አራታችሁ ደግሞ ጨርሶ አልተመረመራችሁም። ምኑ ነው የሚያስቀው?

እንግዲህ የብልቃጡ ባለቤት እስኪታወቅ ድረስ ጋቢያችሁን አልወስድም። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ልጄ ዘንድ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ደፍሮ የሚመጣ ካለ ሆስፒታል ይዤው እገባለሁ።

ፈለቀ፣ ለምን ተነሳህ? ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

«የእኔ ነው» ነው ያለው። ታላቅ ወንድሜም በዚሁ ነው የሞተው ይላል።

ቢሻው፣ ጥርስህን ክደን።

ና ፈለቀ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። ይሄው ጋቢው፣ ልበሰው፤ ጠዋት መንገዱ ብርድ ነው። ገና ምንም አልታወቀም እኮ፣ ደም ብቻ ነው የታየው። እየፈራህ ሦስት ወር ሙሉ ከምትስቅ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ወንድሜ?

እናንተ አራታችሁ ሰኞ ክሊኒክ ግቡ። አዲሷ ነርስ ብልቃጥ ትሰጣችኋለች፣ እያንዳንዳችሁ የገዛ ራሳችሁን ሙሉ። ለእሷ እኔ ያጣሁትን ትዕግሥት ይስጣት። ፈለቀን በደህና ሄዶ በደህና የሚመለስ ያድርገው። ለሁላችሁም ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ማየትን ያድላችሁ፤ ዕድሜያችሁንም ከሀፍረታችሁ ያስረዝምላችሁ።