ቁስሉን ያሳመረው ሌንስ

ጋሽ ፈገግ የፎቶ ቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው እየፈለጉ ደረጃውን ሲወጡ፣ እዚያው ፎቅ ላይ የምትሠራውን ልብስ ሰፊ መሃል ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኟት። አንድ እግሯን ዘርግታ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ጨብጣለች።

«ምነው እቴ፣ ደረጃውን ተከራየሽው እንዴ?»

«ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው ጋሼ። እግሬ ከበደኝ።»

«ሐኪሙ ድኗል አላለሽም?»

«ብሎኛል እንጂ! እርስዎ ያነሱልኝን ፎቶ አይቶ ‹እየዳነ ነው፣ ያንኑ መድኃኒት ቀጥይ፣ ሥራሽንም ጀምሪ› አለኝ። እግሬ ግን ሐኪሙን አልሰማውም መሰለኝ፤ ሲያቃጥለኝ አደረ።»

ሴትዮዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ የወጋት የገዛ መቀሷ ነው። ሐኪሟ ያለው ሌላ ከተማ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ የቁስሉን ፎቶ በስልክ ትልክለታለች። የፊተኛውን ያነሳችላት የጋሽ ፈገግ የእህት ልጅ ናት፤ ሙያውን ተምራ መጥታ አጎቷ ዘንድ ትሠራለች። የኋለኛውን ግን እሷ ስላልነበረች ራሳቸው አነሱት፤ ያውም «ማሬ» በሚሉት አሮጌ ሌንሳቸው።

ስለ ማሬ ጋሽ ፈገግ የማያወሩት የለም። አንድ ወባ ያነደደው ሰው በማሬ ቢነሳ፣ ሚስቱ ፎቶውን አይታ «ለካ ምንም ሳትሆን ነው አልጋ የያዝከው!» ብላ እንጨት አስፈለጠችው፤ ሲፈልጥ ላብ አጥምቆት ወባው ጥሎት ሄደ ይላሉ። የሚያምናቸውም አያጡም። የታመመ፣ የከሳ ወይም ያዘነ ሰው በመጣ ቁጥር ማሬን ማውጣት ልማዳቸው ነው። ከእሳቸው ቤት ገርጥቶ የሚወጣ ሰው የለም።

ሁለቱ ደረጃው ላይ ሲነጋገሩ የእህታቸው ልጅ ከኋላቸው ደረሰች።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቁስሉን በየትኛው ሌንስ ነው ያነሱት?»

«በማሬ ነዋ! የታመመ ሰው በሌላ በምን ይነሳል?»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «እንግዲያውስ ሐኪሙ ያየው ቁስሉን አይደለም፤ ማሬን ነው።»

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ሌንስ ማለት መስታወት ነው። የመስኮት መስታወት ቀዩን ልብስ ነጭ ያደርጋል? ቀለም የሚያውቀው ካሜራው ነው። ይህን ሳያስተምሩ ነው የሰደዱሽ?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። «መስታወትስ ነው አጎቴ፤ ግን ብዙ መስታወት ተደርድሮ ነው። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ትንሽ ትንሹ እየነጠረ ይመለሳል። የነጠረው የትም አይጠፋም፤ ፎቶው ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ይነሰነሳል። ያኔ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ቀዩ ይደበዝዛል። እኔ የፊተኛውን ያነሳሁበት የአዲሱ ሌንስ መስታወቶች ብርሃን እንዳያነጥሩ ስስ ቅብ ተቀብተዋል፤ ስለዚህ ደማቁና ጨለማው ተለያይተው ይወጣሉ። ማሬ በዚያ ላይ በእርጅና ቢጫ ሆኗል። ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና በውስጡ ይመልከቱ።»

«ቢጫውን በኮምፒውተርሽ ታጥቢዋለሻ!»

«ቢጫውን ነጭ ነገር አብሮ ከተነሳ በአብዛኛው ማስተካከል ይቻላል። ጭጋጉ የዋጠው ስስ ልዩነት ግን ሁልጊዜ አይመለስም። የቁስሉና የደህናው ቆዳ ድንበር ከጠፋ ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣዋል?»

«እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ እናንተ መስታወት ትቆጥራላችሁ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አስገቡኝና በሁለቱም አንሱኝ፤ ቁርጡን ልወቅ።»

ደግፈው አስገቧትና መስኮቱ ሥር አስቀመጧት። ልጅቱ ከእግሯ አጠገብ ነጭ ጨርቅ ዘረጋች። ጋሽ ፈገግ በገዛ እጃቸው፣ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ብርሃን፣ ሌንሱን ብቻ እየለወጡ ሁለት ፎቶ አነሱ። ከዚያ ጎን ለጎን አዩአቸው።

በማሬ የተነሳው ወርቅ የመሰለ፣ ለሠርግ የተዘጋጀ እግር ነው። ጨርቁ እንኳ ቅቤ የተቀባ መስሏል። በአዲሱ የተነሳው ላይ ጨርቁ ነጭ ነው፤ ቅላቱ ግን ከቁስሉ ወጥቶ ወደ ባቷ ሽቅብ ተጉዟል። ጋሽ ፈገግ ዝቅ ብለው እግሩን ራሱን አዩት። ቅላቱ እዚያም አለ።

«እኔም አይቼው ነበር» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ድኗል ሲለኝ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲህ ሰውን አሳምሬ መሸኘቴ ኃጢአት ሆነ?» አሉ።

«ለግድግዳ ሲሆን ጽድቅ ነው አጎቴ። ሙሽራውም አዛውንቱም በማሬ ይነሱ፤ እኔም በእሱ መነሳት እወዳለሁ። ሐኪም ግን ፎቶ የሚያየው ለመደሰት አይደለም፤ ለመወሰን ነው። ያለፈው ሳምንት በአንዱ፣ ይኼኛው ሳምንት በሌላው ከተነሳ፣ የሌንሱን ልዩነት የቁስሉ ለውጥ አድርጎ ይቆጥረዋል።»

ጋሽ ፈገግ አዲሱን ፎቶ ራሳቸው ላኩት። ሐኪሙ ወዲያው ደወለ፤ እሳቸውም ስልኩን ተቀብለው ያለፈው ፎቶ በምን እንደተነሳ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሐኪሙ ካዳመጠ በኋላ ያለው ይህን ብቻ ነበር፦ «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት።»

አንባቢ ሆይ፣ ማሬ ውሸታም ነው አንልም። እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ ዓይን አለው፤ አንዱ ያለሰልሳል፣ አንዱ ያጎላል። ጥፋቱ ጠባዩን ሳያውቁ ለምስክርነት ማቆም ነው። ጠባዩን ያወቀ ግን ለትዝታ የሚሆነውን ከማስረጃ ይለያል፤ ያኔ ጨርቅ ነጋዴው በፎቶ የሚያሳየውን ቀለም ሳያሳስት ይሸጣል፣ ሐኪሙም በሩቅ ሆኖ እውነቱን ያያል።

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል የወጣችው በእግሯ ነው። «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ እግሩን እናጣው ነበር» ብለዋታል የሆስፒታሉ ሐኪሞች። ሐኪሟ ግን ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ በየሳምንቱ ፎቶ መላኩን አላስቀረላትም። ስለዚህ በቀጠሮዋ ቀን መጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች። ጋሽ ፈገግ ነጩን ጨርቅ አንጥፈው፣ ያንኑ አዲስ ሌንስ ገጥመው፣ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ጋሼ፣ ይቺን ጠባሳ እንኳ ትንሽ ቢያሳምሩልኝስ?»

«አላሳምርም!» አሉ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ። «አስቀያሚ ሁኚልኝና በሁለት እግርሽ ሂጂ።»