ያልተፈቱት ጥቅሎች

የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ግድየለም» ነው የሚላቸው። ሾርባው ቢቀዘቅዝ «ግድ የለም»፤ ቧንቧው ቢያንጠባጥብ «ግድ የለም»፤ ተበዳሪ ቢጠፋባቸውም «ግድ የለም»። ደግ ናቸው፤ ይህን የሚክድ ካለ ጠቡ ከኔ ጋር ነው! ግን ደግነታቸው አንድ ጊዜ ጉድ ሊሠራ ነበርና እሱን ላውጋችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ወረደና አንዲት ወጣት እየሮጠች ማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠለለች። ጋሽ ግድየለም ከዕቃ ቤታቸው አምፖል ሊያወጡ ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ሲመጡ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንዴ! የኛ ነጋዴ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ዝናብ ነው የጣለኝ ጋሼ። ለነገሩ ነገ ልመጣብዎት ነበር» አለች ሻሿን እየጨመቀች።

ይህች ልጅ የንግድ ሥራ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። አንድ የድሮ ጋራዥ ተከራይታ፣ ከባል ዱላ የሸሹ ወይም ከቤት ተባረው መውደቂያ ያጡ ስድስት ሴቶችን ሰብስባ የትራስ ልብስ ታሰፋለች። ሴቶቹ ደሞዝ ያገኛሉ፤ ልጆቻቸውም እዚያው ጥግ ላይ በተከለለች ክፍል ይውላሉ። የመጀመሪያው ደንበኛቸው ጋሽ ግድየለም ናቸው፤ በየወሩ አንድ ጥቅል ሳይከራከሩ ይቀበላሉ።

«አዳሪ ትምህርት ቤቱ አራት መቶ የትራስ ልብስ እንድንሰፋለት ጠይቆናል» አለች። «ትራሳቸው የእርስዎ ዓይነት ነው፤ የገዙትም እርስዎ ከገዙበት ነጋዴ ነው። አሁን የሚፈልጉት ሥራችንን የሚያውቅ ሰው የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፍልን ብቻ ነው። ይሄ ካልተሳካ ጋራዡን መልቀቃችን ነው። ሴቶቹም ተመልሰው እዚያው...» አልጨረሰችውም።

«ግድ የለም! አሁኑኑ እጽፋለሁ። ‹እጅግ ያማረ ሥራ› እላለሁ» አሉና የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱ።

ተማሪዋ ተከትላ ገባችና ክው አለች። መደርደሪያው ላይ አራት ጥቅሎች ተደርድረዋል። ከስድስቱ ሴቶች አንዷ፣ ጨርቅ ቆራጯ፣ በሰማያዊ ክር ያሰረቻቸው ቋጠሮዎች እንኳ አልተነኩም፤ አቧራ ጠጥተዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህ የኛ አይደሉም?»

ጋሽ ግድየለም አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «አይ ልጄ... እኔ የምገዛው እናንተን ለመርዳት ብዬ እንጂ ለአልጋ አይደለም። እነዚያ ምስኪኖች ስንት መከራ ያዩ ናቸው፤ ደግሞ ስፌታቸውን ልመርምር? ነውር አይሆንም?»

«ታዲያ ደብዳቤውን ሳያዩት ሊጽፉልን ነበር?»

ቅር አላቸው። ልጅ ሲያፋጥጣቸው አይወዱም። «ስሚኝማ። እናንተ ሠራችሁ፣ እኔ ወሰድኩ። ማን ተጎዳ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ አዝኖ የሚገዛ ሰው ሐዘኑ የወጣለት ዕለት መግዛቱን ይተዋል። ሥራውን ወዶ የሚገዛ ግን ነገም ይመጣል፣ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። ሴቶቹን የሰበሰብኳቸው ሙያ እንዲይዙ ነው እንጂ እንዲታዘንላቸው አይደለም። በሞቴ፣ አንዱን እንፍታው።»

«ግድ የለም፣ ይፈታ።»

ፈቱት። አዲስ ትራስ አምጥተው ሊያለብሱ ቢሞክሩ አልገባ አለ። ጋሽ ግድየለም ጎተቱ፣ ተማሪዋ ገፋች፤ በመጨረሻ ሽማግሌው በጉልበታቸው ተጫኑት። ትራሱ የታናሽ ወንድሙን ሱሪ የለበሰ ቦርጫም መስሎ ግማሹ ውጭ ቀረ። ሁለተኛውን ጥቅል ቢፈቱ ያው፤ አራተኛውም ያው። አራት ጣት ይጠባል።

ተማሪዋ ጥቅሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «አራት መቶውንም በዚሁ ልክ ልንቆርጠው ነበር!» አለችና እንባዋ መጣ።

ያኔ ጋሽ ግድየለም አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ግንባራቸውን መቱ። መጀመሪያ ለሴቶቹ ለናሙና ብለው የሰጧቸው የትራስ ልብስ የድሮዎቹ፣ የትንንሾቹ ትራሶች ኖሯል! «ጥፋቱ የኔ ነው። የመጀመሪያውን ወር ፈትቼ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እነግራችሁ ነበር» አሉ። ቀጥለው ሰረቅ አድርገው አዩዋትና፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ ‹ተስማማዎት ወይ?› ብሎ ደንበኛ መጠየቅ እዚያ ኮሌጃችሁ አያስተምሩም?» አሏት።

«ያስተምራሉ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ግን ‹አልወደድኩትም› እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ አብረው ወደ ጋራዡ ሄዱ። ጋሽ ግድየለም መንገዱን ሙሉ «ቆራጯን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ሆድ ይብሳታል» እያሉ ነበር። ቆራጯ ጠና ያለች ሴት ናት። ሲነግሯት መቀሷን አስቀምጣ፣ ጠባቡን ጨርቅ አገላብጣ አየችው።

«ግድ የለም እህቴ...» ብለው ጀመሩ።

«ግድማ አለው ጋሼ! ባሌ ቤት ሳለሁ ጥፋቴ የሚነገረኝ በዱላ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ‹አይዞሽ፣ ጎበዝ› ብቻ ይለኛል። እንደ ሰው ቆጥሮኝ ‹እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ አስተካክዪ› ያለኝ የለም። ካልነገሩኝ ሙያው ከየት ይመጣልኛል? አራት ወር ሙሉ እኮ እየኮራሁ ነው የቆረጥኩት!»

 የተማሪዋ ክርክር በጋሽ ግድየለም ጆሮ ላይ ነበር የቀረው፤ የዚህችኛዋ ግን አንጀታቸው ገባ። አራት ወር ሙሉ ደግ ሠራሁ ብለው ይህችን ሴት እንደ ሰው እንዳልቆጠሯት ገብቷቸው አፈሩ።

«እሺ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽን አያለሁ። ካላማረኝም እመልሳለሁ። እንዳትቀየሚኝ!»

«ካልመለሱ ነው የምቀየምዎት።»

ቆራጯ ትራሱን እራሷ ለክታ እንደ አዲስ ቆረጠች፤ ጠባቦቹም ለሕፃናቱ መኝታ ዋሉ። ጋሽ ግድየለም ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉ፦ «የመጀመሪያዎቹ ጠባብ ነበሩ፤ ጥፋቱም የኔ ናሙና ነው። በነገርኳቸው በሦስተኛው ቀን አስተካክለው አመጡ። አሁን እንግዶቼም እኔም የምንተኛው በእነሱ ሥራ ላይ ነው።» የትምህርት ቤቱ ዕቃ ገዢ ጉድለቱን ያልደበቀ ምስክር በማግኘቱ ደስ ብሎት ሥራውን ሰጣቸው። ጋራዡ አልተለቀቀም፤ እንዲያውም ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። ተማሪዋም አሁን ጥቅል ባስረከበች በሳምንቱ ደንበኞቿ በር ላይ ቆማ «ተስማማዎት?» ትላለች፤ መልሱን ግን ዛሬም ትፈራዋለች።

ባለፈው ወር ጋሽ ግድየለም አዲሱን ጥቅል ፈተው፣ አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን ተመልክተው፣ ጠርዛቸው ጠሞ የተቆረጠ ሁለት አገኙና መለሱ። ጥቅሉን ያደረሰችው ቆራጯ ሁለቱን በብብቷ ይዛ ከማረፊያ ቤቱ ስትወጣ አንዲት ጎረቤት በር ላይ አገኘቻት።

«ውይ! መለሱብሽ እንዴ?»

«አዎ» አለች ቆራጯ ፊቷ በደስታ እየበራ፤ «አዩት።»