ከውሃው ማዶ የሚጮኸው ጅራፍ

አውቶቡሱ ወረታ ሊገባ ሲል ከፊቴ የተቀመጠው ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ፎገራን የሸፈነውን ውሃ እያየ ከጎኑ ላለው ባለጋቢ ማውራት ጀመረ።

«ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ቁሐር ሚካኤል አጎቴ ዘንድ ነበርሁ። የእንቁራሪቷ ዜማ!»

«ዜማ? ጆሯችንን ነው የበላችው።»

«ከብቱን ጎርፍ እንዳይወስደው ይዘው ጉብታው ላይ የሚሰፍሩት ልጆች ደግሞ ሲመሽ ጅራፍ ያጮኻሉ። እንዴት ደስ ይል ነበር!»

«ኧረ ጌታው! እርስዎን ለማስደሰት መስሎዎት ነው የምናጮኸው?»

«እርስዎም ነበሩበት?»

«ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ውሃው መንገድ ሲዘጋ እናታችን ደኅና መሆናችንን የምታውቀው በጅራፉ ነው። እሱ አንዴ፣ እኔ አንዴ።»

«ደግ ጨዋታ ነው!»

«በጣም እንጂ። ወንድሜ የሞተ ለት የሱንም እኔው አጮኽሁለት። እናቴ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።»

ረዳቱ የወረታ ወራጆችን ሲጣራ፣ እኔ ገና ከማዶ ሁለተኛውን ጅራፍ እጠብቅ ነበር።