ወገቤ የዳረኝ ለት

ድሬ ውስጥ ለሰላምታ ጎንበስ የሚል ሰው የለም፤ እኛ አባታችንንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። የእጮኛዬ አባት ታዲያ ይህን ሰምተው «ለስድ ልጅ አልድርም» ሊሉ ከደሴ ድረስ መጡ። ከዚራ ሰፈር፣ ያረፉበት ዘመድ ቤት በር ላይ ከባጃጅ ወርጄ አንድ ሳጥን ለስላሳ ላነሳ ዝቅ ስል ወገቤ ቋ! አለ። ሳጥኑን ለቀቅኩት፤ አከርካሪዬ ግን ቀና አልል አለ። በዚያው ቅጽበት ሰውዬው ከበሩ ወጡ። ለእኔ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ ጫማቸውን።

«ወአለይኩም ሰላም! በል ቀና በል ልጄ።»

«ግዴለም አባባ፣ እንዲሁ ይሻለኛል።»

«ኧረ በአላህ ቀና በል!»

«ወላሂ አልችልም!»

ጫማቸው ወደ እኔ ተጠጋ። ከዚያ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ «ማሻአላህ! የድሬ ልጅ ስድ ነው ያሉኝን አላህ ይይላቸው!» ብለው አናቴን ሳሙኝ። ልጅቷን እዚያው በሩ ላይ ፈቀዱልኝ።

ከሠርጉ በኋላ ወገቤ እንደገና ሲያመኝ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ ከደረቴ እስከ ዳሌዬ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቀበቶ አሰረችልኝና «አቦ፣ ጎንበስ እንዳትል!» አለችኝ። በሳምንቱ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ቀበቶው ከሸሚዜ ስር ነው፤ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሬ እጄን ዘረጋሁላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺን ካገኘ በኋላ ጠገበ አይደል?»